ጆሮዋ የተሰነጠቀ ድመት፦ በእርሳስና በባለቀለም እርሳስ መልክን ስለ መሳል



የዛሬው ገለጻዬ ስለ አንዲት ድመት ነው። ርእሱ ለዚህ አዳራሽ ያነሰ ቢመስላችሁ አልፈርድባችሁም። ይሁን እንጂ ሥዕል የሚያስተምር ሰው አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ፣ «የምስለው ዓይነቱን ነው ወይስ ራሱን?» የሚለው፣ በሚገባ የተገለጠልኝ በዚህች ድመት ምክንያት ነው።

ድመቷ የእናቴ ነበረች። ሬኮ ላይ፣ በቡናና በእንሰት ጥላ ሥር ባለው ቤታችን በቆሎውን ከአይጥ ትጠብቅ ነበር። ለዕረፍት በሄድሁበት ጊዜ በስልኬ አንድ ፎቶግራፍ አነሣኋት። ዲላ ከተመለስሁ በኋላ ድመቷ ከቤት ወጥታ እንደ ቀረች ሰማሁ፤ እናቴ እንዳትረሳት መልኳን ልሥልላት ወሰንሁ።

አሠራሩን በቅደም ተከተል ላስረዳ። እርሳስ ብለን የምንጠራው መጻፊያ ስሙን የተጋራውን ብረት በውስጡ አልያዘም፤ የግራፋይትና የሸክላ ቅይጥ ነው። ፈረንሳዊው ኒኮላ ዣክ ኮንቴ ይህን ቅይጥ እ.ኤ.አ. በ1795 ካስመዘገበ ወዲህ ጥንካሬውን እንደ ፈለጉ መወሰን ተችሏል፦ ሸክላው ሲበዛ ጠንካራና ገርጣ ያለ መስመር፣ ግራፋይቱ ሲበዛ ለስላሳና ጥቁር መስመር ይሰጣል። የባለቀለም እርሳስ ቀለም ግን የተያዘው በሰም ወይም በዘይት ነው። ሁለቱ በአንድ ወረቀት ላይ በቀላሉ አይስማሙም። ሰም በበዛበት ገጽ ላይ ግራፋይት ይንሸራተታል፤ የግራፋይት ብናኝ ደግሞ ቢጫውን ቀለም ያቆሽሸዋል።

ስለዚህ በጠንካራ እርሳስ ስስ ንድፍ ካወጣሁ በኋላ ዓይኖቿን በቀለም አስቀድሜ ጨረስሁ። ከፈካው ቢጫ ጀምሬ ወደ አረንጓዴው፣ በመጨረሻም በብሌኗ ዙሪያ ወዳለው ቡናማ ዘለቅሁ። በቀን ብርሃን የድመት ብሌን ቀጥ ያለች ስንጥር ናት፤ በላይዋ የምታበራውን ነጥብ የሳልሁት ወረቀቱን ባዶ በመተው ነው። ለጢሟ ቀለሙ ያለቀ እስክሪብቶ ወስጄ ወረቀቱን ሰረጎድሁት፤ በላዩ ግራፋይት ሲያልፍ ሰርጓዳው መስመር ነጭ ሆኖ ቀረ። ጸጉሯን በአበቃቀሉ አቅጣጫ፣ ከአፍንጫዋ ወደ ግንባሯ ሽቅብ፣ በጉንጮቿ ወደ ጎን፣ ከስሱ ወደ ደማቁ ደራረብሁት።

ሥዕሉን ይዤ ሬኮ ሄድሁ። እናቴ ወደ በሩ ብርሃን አስጠግታ ረጅም ጊዜ አየችው። «ልጄ፣ እጅህ ይባረክ፤ ቆንጆ ድመት ናት። የእኛዋ ግን አይደለችም» አለችኝ።

የድመቷ ቀኝ ጆሮ ጫፉ ላይ የተሰነጠቀ ነበር። ፎቶግራፉ ላይ በግልጽ ይታያል፤ አይቼዋለሁም። ነገር ግን የፊቷ ሁለት ጎን እንዲመጣጠን ብዬ በእጄ ደፈንሁት። እናቴ እንደ ነገረችኝ ያ ጆሮ የተቀደደው ሸለምጥማጥ ወደ ዶሮዎቹ በመጣ ሌሊት ነው። እኔ እንከን ያልሁት ለእርሷ የድመቷ ታሪክ ነበር።

ዓይነቱን መሣል በራሱ ጥፋት አይደለም። ከዲላ ብዙም በማይርቀው ሻቤ የተባለ ሥፍራ በዓለት ላይ የተቀረጹትን ከብቶች ተመልከቱ። ገላቸው ከጎን፣ ቀንዳቸው ከላይ እንደሚታይ ሆኖ፣ ጡታቸው ጎልቶ በአንድ አኳኋን ተቀርጸዋል። ቀራጩ አንዲትን ላም ለይቶ ሊያሳየን የፈለገ አይመስለኝም። «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» የሚለው አባባላችንም ስለ ድመት ሁሉ ይናገራል እንጂ አንዲቱን አያውቃትም። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ወግም ደጋጎች በሁለት ዓይን፣ ክፉዎች በአንድ ዓይን ከጎን ይሣላሉ፤ እዚያ ፊት ምልክት ነው።

ችግሩ የሚመጣው አንዱ በሌላው ቦታ ሲቆም ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ ዘመቻ በኋላ ዙላ የተባለች ድመት ከአገራችን ወደ እንግሊዝ እንደ ተወሰደች ይነገራል፤ ስሟም የእንግሊዝ ጦር የወረደበት ወደብ ስም ነው። የጎርደን ስቴብልስ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1874 ምስሏን አወጣ፤ ዛሬ በዓለም «አቢሲኒያን» ለሚባለው የድመት ዝርያም መነሻ ተደርጋ ተቆጠረች። ሆኖም የምስሉ ድመትና የዛሬው ዝርያ ብዙም አይመሳሰሉም፤ የዘረመል ጥናትም የዝርያውን ምንጭ ከእኛ ይልቅ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ አገሮች ይመራል። የአንዲት ድመት ምስል የአንድ ዝርያ፣ ከዚያም አልፎ የአንድ አገር ማስረጃ ሆኖ ቆመ።

እኔም በትንሹ ያደረግሁት ይህንኑ ነው፤ አንዲቱን አጥፍቼ በቦታዋ ዓይነቷን አቆምሁ። ጆሮውን በላጲስ ላርመው ሞከርሁ፤ አጥብቄ ያጠቆርሁት ግራፋይት ግን ጥላውን ትቶ አልለቅ አለ። በአዲስ ወረቀት እንደገና ጀመርሁ። በዚህኛው ከዓይኖቿም አስቀድሜ ያየሁት ስንጥቁን ነው፤ ስፋቱን ለካሁ፣ በጠርዙ ያለውን ጸጉር አልባ ቆዳ በፈዘዘ ሮዝ ነካሁት።

ሁለተኛው ሥዕል ከመጀመሪያው ያነሰ ውበት አለው። እናቴ ስታየው ምንም አልተናገረችም፤ ድመቷ ትተኛበት ከነበረው ጥግ በላይ ሰቀለችው። የመጀመሪያው በሥራ ክፍሌ ይገኛል፤ ተማሪዎቼ «እንዴት ያምራል!» ሲሉኝ ጆሮውን አሳያቸዋለሁ።

ውድ ተማሪዎች፣ ነገ እርሳሳችሁን ቀርጻችሁ በፊታችሁ ያለውን ስትሥሉ፣ እጃችሁ ሳያስፈቅዳችሁ ምን እያስተካከለ እንደ ሆነ ጠይቁት።