ፊርማና ኀላፊነት



ከመተማ ማዶ ያለው የገዳሪፍ አገር በማሽላና በሰሊጥ የታወቀ ነው። አራሹ ከባንክ ተበድሮ ይዘራል፤ ዝናም ሲጐድል ወይም ዋጋ ሲወድቅ ግን ዕዳውን መክፈል ያቅተዋል። በሱዳን «እስኪከፍል ይቆይ» በተባለው ሥርዓት እንዲህ ያለው ባለዕዳ ራሱ በአካል እየተያዘ ወኅኒ ሲወርድ ኖሯል።

ይህን ከሌላ ፍርድ ጋራ እናስተያየው። የፈረንሳዩ ባንክ ቢ.ኤን.ፒ. ፓሪባ የአሜሪካን ማዕቀብ ጥሶ ለሱዳን መንግሥት ገንዘብ ማስተላለፉን እ.ኤ.አ. በ2014 አምኖ፣ ወደ 9 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ መቀጮ ተቀበለ። 13 ሠራተኞች ከሥራ ተለዩ እንጂ በዚያ ክስ አንድም ሹም በወንጀል አልተከሰሰም። በጥቅምት 2025ም በኒው ዮርክ ፍርድ ቤት የተሰየሙ የሕዝብ ዳኞች (ጁሪ) በዚያ መንግሥት ለተበደሉ 3 የሱዳን ተወላጆች ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካሣ ይገባቸዋል ሲሉ፣ ክፈል የተባለው ያው ባንኩ ነው።

ባንክ ግን እጅ የለውም፤ የሚፈርመው ሰው ነው። መቀጮው ከባለአክሲዮኖች ገንዘብ ሲወጣ፣ የፈረመው ሰው በሰላም ቤቱ ይገባል። ሹማምንት በግል ቢጠየቁ ሥራ በፍርሃት ይታሰራል የሚሉ አሉ። ቅጣቱ በተሳሳተ ላይ ሳይሆን ዐውቆ በደበቀ ላይ ከሆነ፣ ቅን ሠራተኛ የሚፈራው ነገር የለም።

የትምህርት ቤት ገንዘብ ያዥ ለጐደለው ሳንቲም በስሙ ይጠየቃል። ለአራሹና ለገንዘብ ያዡ የጸና ሕግ ለባንክ ሹም ሊላላ አይገባም። ስለዚህ ሒሳብ ስናስተምር የፊርማንም ኀላፊነት አብረን እናስተምር።