የመደብር ሠራተኛና የሰዓቱ ስሌት



በአሜሪካን አገር ከትልልቆቹ ባለብዙ ቅርንጫፍ መደብሮች በአንዱ ለመቀጠር የሚቀርብ ሰው በቃለ መጠይቁ ላይ በብዛት አስቀድሞ የሚጠየቀው ምን እንደሚያውቅ ሳይሆን፣ በየትኞቹ ቀናትና ከስንት እስከ ስንት ሰዓት ሊገኝ እንደሚችል ነው። ምሽቱንም፣ ቅዳሜና እሑዱንም ነፃ ያደረገ ይመረጣል። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም ከበስተጀርባው መሐንዲሶች የተካፈሉበት ረጅም የስሌት ታሪክ ስላለ፣ ጉዳዩ ለዚህ ማኅበር ባዕድ አይደለም።

ቀድሞ ሸማቹ ከባንኮኒው ወዲህ ቆሞ የሚፈልገውን ይናገራል፤ ሻጩም ከመደርደሪያ አውርዶ፣ መዝኖና ጠቅልሎ ያስረክበዋል። በየሠፈሩ ሱቅ ይህ ሥርዓት ዛሬም አለ። እ.ኤ.አ. በ1916 ክላረንስ ሳውንደርስ የተባለ ነጋዴ በሜምፊስ ከተማ ፒግሊ ዊግሊን ሲከፍት ግን ሸማቹ ቅርጫት ይዞ በመደርደሪያዎቹ መካከል እየተዘዋወረ ለራሱ እንዲያነሣ አደረገ። የሻጩ ድካም ወደ ሸማቹ ተላለፈ፤ የሻጩ ዕውቀት ዋጋም በዚያው ቀነሰ።

ቀጥሎ እ.ኤ.አ. ጁን 26 ቀን 1974 በኦሃዮ፣ ትሮይ ከተማ፣ በአንድ የማርሽ ሱፐርማርኬት የሪግሊ ማስቲካ እሽግ በባር ኮዱ አማካይነት በብርሃን ተነበበ። መሣሪያው የሒሳቡን ሥራ ከማፋጠኑም በላይ እያንዳንዱ ሽያጭ በስንት ሰዓት ከስንት ደቂቃ እንደተፈጸመ ለመመዝገብ አመቸ። ከዚያ መዝገብ ተነሥቶ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ምን ያህል ሸማች እንደሚመጣ መተንበይ፣ ለዚያም ስንት ገንዘብ ተቀባይ እንደሚበቃ ማስላት ይቻላል። የስልክ መስመር ብዛት የሚሰላበትን የወረፋ ንድፈ ሐሳብ ያጠና ሁሉ ዘዴውን ያውቀዋል። ልዩነቱ፣ የስልክ መስመር ሥራ ፈቶ ቢውል አይራብም።

በዚህ ስሌት የሚተዳደር ሠራተኛ የሳምንቱ ፈረቃ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ይነገረዋል፤ ገበያው ከቀዘቀዘም ከመንገድ ይመለሳል። አንዱ ሳምንት ሠላሳ ሰዓት ቢሆን ተከታዩ ዐሥራ አምስት ሊሆን ይችላል። ልጅ የሚያሳድግ ወይም ማታ የሚማር ሰው ኑሮውን በምን ያቅዳል? በቃለ መጠይቁ «በማንኛውም ሰዓት» ብሎ የመለሰ ሰው የተስማማው በዚህ ነው።

በዋሽንግተን አካባቢ በእንዲህ ያለ መደብር ሥራ ለሚጠይቅ ኢትዮጵያዊ ደግሞ ሌላ ዕንቅፋት ይጨመርበታል። ጠያቂው «አስቸጋሪ ደንበኛን እንዴት እንዳስተናገድህ ንገረን» ሲለው የሚጠበቅበት በገዛ አንደበቱ ራሱን ማመስገን ነው። ራሱን የሚያወድስ ሰው ጉረኛ በሚባልበት ቤት ያደገ ሰው አንገቱን ደፍቶ «እንደ ማንም ሰው ሠርቻለሁ» ቢል ጨዋነቱ የችሎታ ማነስ ሆኖ ይጻፍበታል። ይህስ በልምምድ ይቃናል፤ የሰዓቱ ነገር ግን በሠራተኛው እጅ አይደለም።

ሰርኪት ሲቲ የተባለው የኤሌክትሮኒክስ መደብር እ.ኤ.አ. በማርች 2007 ከገበያው ተመን በላይ ይከፈላቸዋል ያላቸውን 3,400 ያህል ሠራተኞች አሰናብቶ በአነስተኛ ደመወዝ በሚቀጠሩ ሊተካቸው ወሰነ። በኖቬምበር 2008 መክሠሩን ለፍርድ ቤት አስታወቀ፤ በማርች 2009 የቀሩትን ቅርንጫፎቹን ዘጋ። የዘመኑ የገንዘብ ቀውስም ስለነበረ ውድቀቱን ሁሉ በስንብቱ ማላከክ አግባብ አይሆንም። ቢሆንም ዕቃውን ለሸማቹ ለይተው ሊያስረዱ የሚችሉ ሰዎችን ማስወጣት ቁጠባ ተብሎ መመዝገቡ የሒሳቡን ጉድለት ያሳያል።

በአንጻሩ በጋፕ የልብስ መደብር፣ በሳን ፍራንሲስኮና በቺካጎ ቅርንጫፎች ተካሂዶ ውጤቱ በ2018 ይፋ የሆነ ሙከራ፣ ፈረቃቸው በተረጋጋባቸው ቅርንጫፎች ሽያጭ 7 በመቶ፣ የሥራ ምርታማነት 5 በመቶ ከፍ ማለቱን አመልክቷል። የኦሪገን ክፍለ ግዛትም በ2017 ባወጣው ሕግ ትልልቅ መደብሮች ፈረቃን በቅድሚያ እንዲያሳውቁ አስገድዷል፤ የማስታወቂያው ጊዜ መጀመሪያ 7 ቀን፣ ከ2020 ወዲህ 14 ቀን ነው።

በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው መመሪያ የችርቻሮ ንግድን ለውጭ ባለ ሀብቶች ከፍቷል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ጊዜ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ደንግጓል፤ ይህ ድንጋጌ የሚገድበው የሰዓቱን መብዛት ነው። የፈረቃ ማስያ ፕሮግራሙ ከመደብሮቹ ጋር ሲገባ፣ የማስታወቂያው ጊዜ ስንት ቀን፣ የአንድ ሠራተኛ ዝቅተኛ ሳምንታዊ ሰዓትም ስንት ይሁን የሚለውን ቁጥር የሚያስገቡት ከዚህ ማኅበር አባላት መካከል ሊሆኑ ይችላሉ። ቁጥሩ ስንት መሆን እንዳለበት ለመነጋገር የውይይቱ ጊዜ ክፍት ነው።