ለጥንቸል የሚሆነውና የማይሆነው የይፋት ቅጠል

(ለዕረፍት ወደ ሸዋ ሮቢትና ወደ ይፋት ቆላ ለሚሄዱ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የመረጥነው ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ ቀላል፣ ምናልባትም የሚያሥቅ ሊመስላችሁ ይችላል። ስለ አገር ልማትና ስለ ትምህርት መስፋፋት በሚነገርበት መድረክ ላይ ስለ ጥንቸል መኖ መናገር ምን ያስፈልጋል የሚል አይጠፋም። እኛ ግን ርእሱን የመረጥነው በምክንያት ነው። ለአንዲት ጥንቸል የሚሆን ቅጠል ከሜዳ ለቅሞ ማምጣት ቀላል ሥራ ቢመስልም፣ የመጽሐፍ ዕውቀት ብቻውን አያደርሰውም፤ የእረኛም ዕውቀት ብቻውን አያደርሰውም። ሁለቱ መገናኘት አለባቸው። የዛሬው ንግግራችን ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

እንደሚታወቀው ጥንቸል በአገራችን በብዛት የምትረባ እንስሳ አይደለችም። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ዘንድ ሥጋዋ ስለማይበላ፣ በቤት የሚያሳድጓት አብዛኛውን ጊዜ ልጆች ናቸው፤ እነርሱም የሚያሳድጓት ስለሚወዷት ብቻ ነው። መኖዋንም ከገበያ የሚገዛላት የለም። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከመንገድ ዳር ያገኘውን ነጭቶ ይሰጣታል። ከቀናው ትበላና ታድራለች፤ ካልቀናው ደግሞ በማግስቱ ሞታ ያገኛታል። ለልጁ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

በመጀመሪያ አንድ የስም መደባለቅ እናጥራ። በአማርኛ «ጥንቸል» የምንለው ሁለት የተለያየ እንስሳ ነው። በይፋት ቁጥቋጦ ውስጥ ድንገት ብድግ ብላ የምትሮጠው የዱር ጥንቸል ጉድጓድ አትቆፍርም፤ ልጆቿም ፀጉር ለብሰው፣ ዐይናቸውን ገልጠው ይወለዳሉ። በቤት የምትረባው ግን ዘሯ ከአውሮፓ የመጣ ነው፤ ጉድጓድ ትቆፍራለች፣ ልጆቿም ራቁታቸውንና ዐይናቸው ሳይገለጥ ይወለዳሉ። ስለዚህ «የዱሯ ይህን ስትበላ አይተናል» ማለት ለቤቷ ጥንቸል ማስረጃ አይሆንም።

ሁለተኛው መደባለቅ የሚመጣው ከፍየል ነው። የይፋት እረኛ ፍየሉ የትኛውን ቅጠል እንደምትሻ፣ የትኛውን አሽትታ እንደምትተው ጠንቅቆ ያውቃል። ይህም የሚከበር ዕውቀት ነው። ነገር ግን ፍየል የምታመሰኳ እንስሳ ናት፤ በትልቁ ጨጓራዋ ውስጥ የሚኖሩት ረቂቅ ሕዋሳት አንዳንዱን መርዝ ወደ ደም ሳይገባ ያፈርሱታል። ለምሳሌ ለመኖ ተብሎ በየቦታው የተተከለውን ሉኪኒያ ብንወስድ፣ እነዚህ ሕዋሳት ያሏት ፍየል ብትጠግበው ብዙም አትጎዳም፤ ጥንቸል ግን አብዝታ ከበላችው ፀጉሯ ይረግፋል።

የጥንቸል ሆድ አሠራሩ ሌላ ነው። ጨጓራዋ አንድ ነው፤ ምግቡ የሚብላላው በስተኋላ፣ ዕውር አንጀት በሚባለው ክፍል ነው። ከዚያ የሚወጣውን ለስላሳ ኩስ መልሳ ትበላዋለች፤ ይህም በሽታ ሳይሆን ተፈጥሮዋ ነው። ከሁሉ በላይ መታወቅ ያለበት ግን ጥንቸል ማስመለስ የማትችል መሆኗ ነው። አንድ ጊዜ የዋጠችውን መርዝ መልሳ አትተፋውም። ጥርሷም ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋል፤ የፊት ጥርሷ በሳምንት 2 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚጨምር፣ ሻካራ ሣር እያኘከች ልትሞርደው ይገባል። ከምግቧ አብዛኛው ሣርና ድርቆሽ እንዲሆን የሚመከረውም ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ወደ ቅጠሉ እንምጣ። «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ያለችው አህያ ናት ይባላል፤ ለጥንቸልም ቢሆን ከሰርዶ የሚሻል የለም። ሰርዶ በሮቢ ወንዝ ዳርም፣ በመስኖ ቦይ ጥግም፣ በየግቢውም ይበቅላል። ከእርሱ ቀጥሎ የበቆሎ ቅጠልና ልባሽ፣ የስኳር ድንች ሐረግ፣ የሙዝ ቅጠል ይሰጣል። ሽፈራውና አሉማ በጥቂቱ ቢሰጡ መልካም ነው። ወደ ደጋው በኩል ጎርጠብ የሚባለውን የሚያገኝ ሰው እርሱን ሊጨምርላት ይችላል።

የማይሰጡትን ደግሞ አንድ በአንድ መጥራት ያስፈልጋል። ጉሎ፣ በተለይ ፍሬው፣ ብርቱ መርዝ አለበት። ሲሰበሩ ነጭ ወተት የሚያወጡት ጦቢያውና በአጥርነት የሚተከለው ቅንጭብ ለአፍም ለዐይንም አደገኞች ናቸው። የወፍ ቆሎ አበባው ያማረ ቢሆንም ቅጠሉ ጉበት ይጎዳል። የትምባሆ፣ የቲማቲምና የድንች ቅጠል አይሰጥም። የአቮካዶ ቅጠል ልቧን ይጎዳል፤ የቀወት ገበሬ በመስኖ የሚያመርተው ሽንኩርትም ደሟን ይጎዳል። ከአሜሪካ አህጉር የመጣው ቅንጨ አረምም ማሳውንና የግጦሹን ቦታ እየወረረ ስለ ሆነ፣ ልጆች ከሣር ጋር አብረው እንዳያጭዱት መጠንቀቅ ነው፤ የሰውን ቆዳ ስለሚያሳክክ በባዶ እጅ መንካቱም አይመከርም።

ስለ አስተናግር አንድ የሚያስገርም ነገር እንጨምር። በአንዳንድ ጥንቸሎች ደም ውስጥ አትሮፒን የተባለውን የዚህን ተክል መርዝ የሚያፈርስ ኢንዛይም እንዳለ በምርምር ታውቋል። ሆኖም የትኛዋ ጥንቸል እንዳላት በመልኳ አይለይም፤ ቅጠሉን ነጭቶ በዚያው እጁ እንጀራ የሚቆርሰው ልጅ ደግሞ ይህ ኢንዛይም የለውም። ስለዚህ አስተናግር ከቤት አይግባ።

የቆላው ዋና እህል ማሽላ ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘናጋውም በማሽላ ነው። በሽልሻሎ ጊዜ የሚነቀለው ቡቃያ ለከብት እንደሚሰጥ ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን ለጋ ማሽላ፣ ድርቅ መትቶት የጠወለገ ማሽላ፣ ታጭዶ እንደገና የሚያቆጠቁጥ ማሽላ ሲያናይድ የሚባለውን መርዝ የሚያመነጭ ንጥረ ነገር በብዛት ይይዛል። ዝናብ ባጠረበት ዓመት ከብት ማሽላ ውስጥ ገብቶ ወዲያው ሲወድቅ «ዐይነ ጥላ ነው» የሚል ይኖራል፤ ምክንያቱ ግን ይህ ነው። ከብትን የሚጥል ጥንቸልን አይምርም። እረኞች «የጠወለገ ማሽላ አታስነካ» ሲሉ የሚናገሩት የኬሚስትሪ መጽሐፍ ያረጋገጠውን ነው፤ እነርሱ ድርጊቱን ያውቃሉ፣ መጽሐፉ ምክንያቱን ይነግረናል።

ቅጠሉ ደኅና ቢሆንም የተለቀመበት ቦታ ሊያበላሸው ይችላል። ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ስለዚህ ከጎዳናው ዳር የሚታጨደው ሣር የመኪና ጭስና ዘይት የጠጣ ነው። ከዚህ ይልቅ የሚከፋው የሽንኩርትና የቲማቲም ማሳ ዳር ነው። የተባይ መድኃኒት ሲረጭ ነፋሱ ወደ ሣሩ ይወስደዋል፤ ሣሩም ለዐይን ንጹሕ ይመስላል። መቼ እንደ ተረጨ ባለ ማሳውን ሳይጠይቁ ከዚያ ማጨድ አይገባም።

ስለዚህ ቅጠል ለሚለቅሙ ልጆች እነዚህን ነገሮች ብታስተምሩልን እንወዳለን።

አንደኛ፣ በርግጠኝነት የማያውቁትን ቅጠል አለመስጠት።

ሁለተኛ፣ አዲስ ቅጠል ሲጀመር ለብቻው፣ በጥቂቱ መስጠትና አንድ ቀን መጠበቅ፤ ከዚያ በኋላ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መጨመር።

ሦስተኛ፣ በሙቀት ተከምሮ የጋለ ወይም የሻገተ ሣር መጣል። በቆላ ሙቀት ጧት የታጨደ ክምር ከሰዓት በኋላ ሊበላሽ ይችላል።

አራተኛ፣ ድርቆሽና ንጹሕ ውኃ ምንጊዜም እንዳይጎድል ማድረግ።

አምስተኛ፣ ጥንቸሏ ግማሽ ቀን ሙሉ ምግብ ካልነካችና ኩስ ካልጣለች፣ «ነገ ይሻላታል» ሳይሉ ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ከጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ሰው 3,000 ሜትር ከሚያልፍ ከፍታ ተነሥቶ በአንድ ጉዞ 1,280 ሜትር ያህል ወዳለው ቆላ ይደርሳል። በዚያች መንገድ ቅጠሉም ስሙም ይለወጣል። በይፋት አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞው፣ ወደ ምሥራቅም አፋሩ ለአንዱ ተክል የየራሱ ስም አለው። ደግሞ አንዱ ስም ለብዙ ተክል ይሰጣል፤ «ጭጎጎት» ስንል በየቦታው ልብስ ላይ የሚጣበቀውን ሁሉ ማለታችን ነው፤ ከእነዚህ ውስጥ ለጥንቸል የሚሆን አለ፣ የማይሆንም አለ። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ላይ የተጻፈ የቅጠል ዝርዝር ሸዋ ሮቢት ላይ እንዳለ አይሠራም።

ይህን የሚያውቁት በሜዳ የዋሉ ሰዎች ናቸው። ልጆች ከእረኝነት ወደ ትምህርት ቤት መግባታቸው የምንደሰትበት ነገር ነው፤ ነገር ግን ያ ልጅ ከአያቱ ይሰማው የነበረው የቅጠል ስም በትምህርት ቤት ደብተር ላይ አይገኝም። ማንም ካልጻፈው ከአያቶቻችን ጋር ያልፋል።

ስለዚህ በዚህ ዕረፍት እያንዳንዳችን ሃያ ቅጠል እንድንሰበስብ እናሳስባለን። ቅጠሉን በጋዜጣ መካከል አድርቆ፣ የተገኘበትን ቦታ፣ በየቋንቋው የሚጠራበትን ስም፣ ፍየል፣ ግመል ወይም ከብት ይበላው እንደ ሆነ ከእረኛው ጠይቆ መጻፍ ነው። ስንመለስ ከባዮሎጂ መምህራን ጋር ተቀምጠን ለይተን፣ የሚሆነውንና የማይሆነውን ለየትምህርት ቤቱ ልጆች በአንድ ገጽ አባዝተን እንልካለን። ሥራው ገንዘብ አይጠይቅም፤ እርሳስና ደብተር፣ ይልቁንም ከእረኛ ጎን ቁጭ ብሎ ለመጠየቅ የማያፍር ተማሪ ይጠይቃል።