ትንሿ የቋጥኝ ዓሣ በቦሌ ከፍታ



ባሕር ሲሸሽ በቋጥኝ ጉድጓድ የምትቀር ትንሽ ዓሣ ሙቀትንና የጨው መብዛትን ትችላለች። ይሁን እንጂ የምትችለው ለጥቂት ሰዓታት ነው፤ ባሕሩ ተመልሶ ውሃዋን ያድስላታልና። በቦሌ በመስተዋት ገንዳ ለምትኖር ዓሣ ግን የሚመለስ ባሕር የለም።

ከዚህም በላይ ቦሌ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል፣ በውሃው የሚሟሟው ኦክስጅን ሙቀቱ እኩል ቢሆንም እንኳ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አራተኛ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ የአየር ፓምፑ ሌሊትና ቀን ሊሠራ፣ መብራት ሲጠፋም በባትሪ ሊቀጥል ይገባል። ውሃ ሲተን ጨው አይተንምና፣ በትነት የጎደለው ክሎሪኑ በተወገደለት ጨው አልባ ውሃ ይሞላ፤ ጨዉም በሊትር 35 ግራም አካባቢ ይጠበቅ። በየጊዜውም ከገንዳው ጥቂቱ ተቀድቶ በአዲስ የጨው ውሃ ይተካ።

ዓሣዋን ከባሕር የለየ ሰው የባሕሩን ግዴታ ተረክቧል።