የጀልባው መሪ ሲደርቅ

የጫሞ ሐይቅ ባለጀልባዎች፣ መሪው አልዞር ካለ በጉልበት አትታገሉት፤ ኬብሉ ሊበጠስ ይችላል። አዞዎች በሚሰበሰቡበት በአዞ ገበያ አጠገብ ያለ መሪ መቅረት ደግሞ ያስፈራል።

ሞተሩን አጥፉና መሪውን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘውን ዘንግ ፍቱ። ሞተሩን በእጃችሁ ግራና ቀኝ ግፉት። በቀላሉ ከዞረ ችግሩ ከኬብሉ ወይም ጫፉ ከሚገባበት ቱቦ ነው፤ ካልዞረ ሞተሩ የሚዞርበት ምሰሶ ደርቋል።

ብዙ ጊዜ መንስኤው ቱቦው ውስጥ የጠጠረ አሮጌ ግሪስና ዝገት ነው። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት አጠጡት፣ ታገሱት፣ ከዚያ የኬብሉን ጫፍ ቀስ እያላችሁ ወዲያና ወዲህ አንቀሳቅሱት። ሲለቅ የድሮውን ግሪስ ጠርጋችሁ ውሃ የማያጥበውን ግሪስ ቀቡ። ኬብሉ ከውስጥ ከዛገ ግን ቀይሩት፤ በእሱ እንግዳ ጭኖ መውጣት ፈጽሞ አይገባም። ጀልባዋ ስትቆምም መሪውን አልፎ አልፎ ከዳር እስከ ዳር አዙሩት።