ጥንቃቄው ከመፅነስ በፊት ይጀምራል

(በማኅበራችን አዳራሽ በተደረገው የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ፣ በጡረታ ላይ የሚገኙ አንዲት የሰፈራችን አዋላጅ ነርስ ስለ ስኳር በሽታና ስለ ጨቅላ ሕፃናት ያደረጉት ንግግር)



የዛሬው ስብሰባ ብዙ ጉዳይ እንዳለበት አይቻለሁና ጊዜያችሁን አላባክንም። ነገሬን ከአንዲት ልጅ ልጀምር። ስሟን አልጠራም፤ የት እንደምትኖርም አልናገርም።

ይህች ልጅ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ ኢንሱሊን ትወጋ ነበር። ባል ስታገባ በሽታዋን ከአማቶቿ ደበቀች። መርፌዋን የምትወጋው ሽንት ቤት ገብታ ነው፤ እንግዳ የበዛ ቀን ደግሞ ጭራሹን ትተወዋለች። ፀንሳ ሦስት ወር ሲሆናት አንዲት ጎረቤት ደረሰችባትና «ኧረ መርፌው ፅንሱን ይጎዳብሻል!» ብላ መከረቻት። አቆመችው። ብዙም ሳትቆይ ራሷን ስታ ሆስፒታል ገባች። እሷ ተረፈች። ወንድ ልጅም ወለደች፤ ነገር ግን ልቡ ላይ ቀዳዳ ነበረበት። ጡት ሲጠባ ያልበዋል፣ ይደክመዋል። ዓመት ሳይሞላው ዐረፈ።

ሐዘኑ ሳያንሳት በሰፈሩ «እርግማን ነው»፣ «ቡዳ ነው» ተባለ። አንድ ቀን እኔ ዘንድ መጥታ «ሲስተር፣ ምን በድዬ ነው?» አለችኝ። ያን ዕለት ለእሷ የሰጠኋትን መልስ ነው ዛሬ ለእናንተ የምነግራችሁ።

በመጀመሪያ «የበደልሽው የለም» አልኳት። እርግማንም አይደለም። የአንድን ሕፃን ጉድለት በእርግጠኝነት በዚህ ምክንያት መጣ ማለት ለሐኪምም ያስቸግራል፤ ሆኖም ከፍ ያለ ስኳር ፅንስን እንደሚጎዳ በሚገባ የታወቀ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእናቲቱ ደም ውስጥ ያለው ስኳር በእንግዴ ልጁ በኩል አልፎ ወደ ፅንሱ ይሄዳል። ኢንሱሊኗ ግን አያልፍም። ፅንሱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የራሱ ኢንሱሊን ስለሌለው የመጣለትን ስኳር ሁሉ ይቀበላል። ልብ፣ አንጎል፣ ኅብለ ሰረሰርና ኩላሊት መሠራት የሚጀምሩት ደግሞ በዚሁ ጊዜ ነው። አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚሆነው ቱቦ ከተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ ይዘጋል። ልብም በስምንት ሳምንት ውስጥ ዋናውን ቅርጹን ይዞ ያልቃል።

እንግዲህ ልብ በሉ! በ28ኛው ቀን ብዙዋ እናት የወር አበባዋ መቅረቱን ገና መጠርጠሯ ነው። በሦስተኛ በአራተኛ ወሯ ለክትትል ስትመጣ ግን የልጁ ልብ ተሠርቶ አልቋል። ጥንቃቄው ከመፅነስ በፊት ይጀምር የምንለው ለዚህ ነው።

ከማናቸውም እናቶች ከሚወለዱ 100 ሕፃናት መካከል ሁለቱ ወይም ሦስቱ ከባድ የአፈጣጠር ጉድለት ይኖርባቸዋል። እናቲቱ ከመፅነሷ በፊት የስኳር በሽታ ያለባት ከሆነች ግን ይህ ቁጥር ከሁለት እስከ አራት እጥፍ ሊደርስ ይችላል። በብዛት የሚጎዳው ልብ ነው፤ አንጎልና ኅብለ ሰረሰርም ይጎዳሉ። አልፎ አልፎም የአከርካሪው የታችኛው ክፍል ሳይሠራ ይቀራል። ደስ የሚለው ነገር፣ ስኳሯን አስተካክላ የፀነሰች እናት ይህ አደጋ በጣም ይቀንስላታል፤ ወደ ሌሎቹ እናቶች ይጠጋል።

በእርግዝና ጊዜ ብቻ የሚመጣ ስኳርም አለ። እሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው የልጁ አካል ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ስለሆነ፣ የአፈጣጠር ጉድለት ማምጣቱ ብዙም አይደለም። ልጁን ግን ከመጠን በላይ ያወፍረዋል፣ ምጡንም ያከብደዋል። ስለዚህ ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ድረስ መመርመር ያስፈልጋል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ስኳር ያለባት ሴት፣ ኢንሱሊን ብትወጋም ክኒን ብትውጥም፣ ሳትዘጋጅ አትፅነስ። እስክትዘጋጅ ድረስ የወሊድ መቆጣጠሪያ እየተጠቀመች የሦስት ወሩን የስኳር ምርመራ ታድርግ። ውጤቱ ከ6.5 በመቶ በታች ቢሆን ይመረጣል። ከ10 በመቶ በላይ ከሆነ እርግዝናውን ታቆየው። በቤተሰቧ ስኳር ያለ ወይም ከዚህ ቀደም ከ4 ኪሎ በላይ የሚመዝን ልጅ የወለደች ሴትም አስቀድማ ትመርመር፤ በሽታው ሳይታወቅ የሚኖር ብዙ ነውና።

ሁለተኛ፣ ፎሊክ አሲድ የሚባለውን ቪታሚን ከመፅነሷ ሦስት ወር ያህል ቀደም ብላ ጀምራ እስከ 12ኛው ሳምንት ትውሰድ። ስኳር ላለባት እናት ሐኪሙ ከተለመደው ከፍ ያለ መጠን ሊያዝላት ይችላል።

ሦስተኛ፣ የምትወስደውን መድኃኒት ሁሉ ለሐኪሙ ታሳይ። ለደም ግፊት የሚሰጠው ኢናላፕሪል ፅንስን ስለሚጎዳ በሌላ መለወጥ አለበት። ኢንሱሊን ግን ፅንሱን አይጎዳውም። የሚጎዳው ኢንሱሊን ማቋረጡ ነው። ይህንን አደራ ለጎረቤት ሁሉ ንገሩልኝ።

አራተኛ፣ ኢንሱሊን ሙቀት ያበላሸዋል። ፍሪጅ በሌለበት ቤት አንድ የሸክላ ማሰሮ በሌላ ሰፋ ባለ ማሰሮ ውስጥ አስቀምጦ፣ በመካከላቸው አሸዋ ሞልቶ አሸዋውን ውኃ ማጠጣት ነው። በጥላ ሥር ይቀመጥ፤ ቀዝቃዛ ይሆናል።

አምስተኛ፣ ሳታስበው የፀነሰች ብትኖር ተስፋ አትቁረጥ። የወር አበባዋ እንደቀረ ሳትውል ሳታድር ጤና ጣቢያ ትሂድ። ከ18ኛው እስከ 20ኛው ሳምንት ባለው ጊዜም የልጁን ልብና አከርካሪ በአልትራሳውንድ ታሳይ። ቤት ውስጥ አትውለድ። ልጁ በማኅፀን ሳለ ብዙ ስኳር ስለለመደ የራሱ ቆሽት ብዙ ኢንሱሊን ያመርታል፤ እትብቱ ሲቆረጥ ስኳሩ ይቋረጥና ኢንሱሊኑ ይቀራል። ያን ጊዜ የልጁ ስኳር በድንገት ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ጡት ይጥባ፣ ስኳሩም ይለካ።

ስለ ምግብም ነፍሰ ጡሯን «ለሁለት ብዪ» እያላችሁ አታስጨንቋት። ስኳር የበዛበት አጥሚትና ለስላሳ ይቅርባት። ሽሮውና ምስሩ፣ ጎመኑና እንቁላሉ በልክ ይበቃታል። ጸበል የምትጠጣም ትጠጣ፤ መርፌዋን ግን አታቋርጥ። ጾሙን በተመለከተም ነፍሰ ጡር መሆኗን ለንስሐ አባቷ ወይም ለሼኋ ነግራ ትምከር፤ ሐኪሟንም ትጠይቅ።

በመጨረሻም ለባሎችና ለአማቶች የምለው አለኝ። ያች ልጅ ሽንት ቤት የገባችው መርፌውን ፈርታ አልነበረም፤ የፈራችው እኛን ነው። በየቡናው ላይ «ስኳር ያለባት ሴት ልጅ አትወልድም» ስንል፣ የምታዳምጠንን አናውቅም። ነገሩ የተደበቀባት ሴት አስቀድማ ልትዘጋጅ አትችልም።

ልጅቷ ከሁለት ዓመት በኋላ እንደገና መጣች። በዚህ ጊዜ ባሏን ይዛ ነበር። የሦስት ወሩን ምርመራ ሁለት ጊዜ አደረጉ፤ ውጤቱ ሲስተካከል ነው የፀነሰችው። ባልየው የመርፌውን ሰዓት በግድግዳ ላይ ጽፎ ለጠፈ፤ አማቷም ማሰሮውን ውኃ የማጠጣቱን ሥራ ያዙት። ሴት ልጅ ወለዱ፤ ልቧ ደኅና ነው። ዛሬ ትምህርት ቤት ትሄዳለች።

ከእናንተ መካከል በዚህ ጉዳይ የምትጨነቅ ካለች፣ በዚህ ስብሰባ ፊት መናገር አይጠበቅባትም። ቤቴን ታውቁታላችሁ፤ በማንኛውም ቀን ትምጣ፣ ጤና ጣቢያ አብሬያት እሄዳለሁ።