የመጀመሪያው ቀለም ፍርድ አይደለም



«ለዳግመኛ የደም ምርመራ ኑ» የሚል መልእክት ከኩፓት ሆሊም ሲደርሰን ቤተሰቡ በሙሉ ይደነግጣል። ስለዚህ ኤላይዛ የሚባለው ምርመራ እንዴት እንደሚሠራ ብናውቅ ይበጀናል። ዘዴውን ኤቫ ኤንግቫልና ፔተር ፔርልማን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1971 በስቶክሆልም አወጡት።

የኤች.አይ.ቪን ምርመራ እንውሰድ። በፕላስቲክ ሳህን ትንንሽ ጉድጓዶች ውስጥ የቫይረሱ ፕሮቲን ይለጠፋል። ከደማችን የተለየው ፈሳሽ ሲጨመር፣ ሰውነታችን ቫይረሱን ለመከላከል የሠራው ፀረ እንግዳ አካል ካለ ከፕሮቲኑ ጋር ይጣበቃል፤ የቀረው ታጥቦ ይፈሳል። ቀጥሎ ኢንዛይም የተያያዘበት ሌላ ፕሮቲን ይገባና የተጣበቀውን ፈልጎ ይይዛል። እንደገና ይታጠባል። ኢንዛይሙ የሚለውጠው ፈሳሽ ሲጨመርበት ቀለም ይወጣል፤ ቀለሙም በመሣሪያ ይለካል። እጥበቱ ከጎደለ ግን ቫይረሱ በሌለበትም ቀለም ይታያል፤ አንዳንዴም ለሌላ ነገር የተሠራ ፀረ እንግዳ አካል ይጣበቃል። ስለዚህ ውጤቱ በሌላ ምርመራ መረጋገጥ አለበት።

ሳህኑ የደሙን ባለቤት የትውልድ አገር አይለይም። በ1996 የለገስነው ደም በስውር ሲጣል እንደኖረ ሰምተን አደባባይ መውጣታችን ይታወሳል። እርግጥ ነው፣ ሰው በተያዘ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምርመራው ላያሳይ ይችላል፤ ይህ ግን በማንኛውም ሰው ደም ላይ የሚደርስ ነው።

እንግዲህ ማረጋገጫው ምርመራ ተሠርቶ እንደሆነ ሐኪሙን እንጠይቅ። ዕብራይስጡ ካስቸገረን አስተርጓሚ ይጠራልን፤ ልጃችንን በመካከል አናስቀምጥ።